ከዋሻው አፍ አልነሳም ያሉት የ«ደፋኟ» የሕይወት ታሪክ

ሙት አይወቀስም ይባላል። ልክ ነው፤ በዚህ ወረቀት ላይ የሚወቀሰው ሙት አይደለም። የጻፍኩት እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ። አስቀድመው ያዩት ዘመዶቻችን «ትንሽ ለስለስ አድርጊው እንጂ፣ ቀብር እኮ ነው» ብለውኛል። እህቴ በዘመናቸው ለስላሳ ነገር የሠሩት ድንጋይ ሲሞርዱ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳለ ይነበባል፤ የከበደው ሰው ጥላ ሥር ሄዶ መቀመጥ ይችላል።

እህቴ ከግንበኛው አባታቸውና ከዳቦ ጋጋሪዋ እናታቸው በ1954 ዓ.ም. በዚሁ በተራራው ግርጌ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። እናታችን ስትናገር «ይቺ ልጅ ስትወለድ አላለቀሰችም፣ ተቆጣች» ትል ነበር። እግራቸው ከጠና በኋላ አባታችን ወደሚሠራበት ቦታ እየተከተሉ ገና ያልደረቀውን ግንብ በእርግጫ ይፈትኑታል። ድንጋይ ከተንቀሳቀሰ ባለቤቱ ቆሞ በሚያይበት «አባዬ፣ ይሄ ይወድቃል» ይላሉ። አባታችን በልጁ ኩራትም ኀፍረትም ስለሚሰማው መሐል ላይ ቆሞ ጢሙን ይጎትት ነበር።

በከተማው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ስድስተኛ ክፍል ላይ አንድ አስተማሪ ጎናቸው የተቀመጠችውን ልጅ በማስመሪያ ሲመታት ተነሥተው ማስመሪያውን ነጠቁትና ሰበሩት። ለምን ሰበርሽ ተብለው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቢጠየቁ «ቀጭን ነበር» ብለው መለሱ። ለዚህ መልሳቸው ቀሪውን ዓመት ከእናታችን ጋር ሊጥ ሲያቦኩ አሳለፉ።

በ1974 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው የከበረ ድንጋይ ቆፋሪ ሲሆኑ ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው «ሳቂታው» በሚለው ስም ነበር። እህቴ ፈገግ ሲሉ ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ካየም ያየው ሳቂታው አጠገባቸው ሲቀመጡ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበረች። መስኮቱ ላይ የራስ ባትሪው፣ በሩ ሥር ጭቃ የያዘው ቦት ጫማ፣ ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አይጠፋም። ሳቂታው ያመጡትን ኦፓል ብርጭቆው ውስጥ ሲጥሉት ቀለሙ ይጠፋና እንደ በረዶ ይሆናል። አውጥተው መስኮቱ ላይ ሲያደርቁት አረንጓዴውና ቀዩ እሳት ይመለሳል። «አየሽ፣ እንዳንቺ ነው» ይሏቸዋል፣ «ሲያኮርፍ መልክ የለውም።» በ1978 ዓ.ም. አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

እህቴም ከቤት አልተቀመጡም። ከገበያው ጀርባ በነበረው የድንጋይ ነጋዴ ቤት በሞራጅነት ተቀጠሩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ጠረጴዛ፣ በላዩም የሚሽከረከሩ የሞረድ ጎማዎች። ሴቶቹ ድንጋዩን በቀለጠ ሰም ከእንጨት ጫፍ ጋር እያጣበቁ፣ ጎማውን እያስነኩ ያለሰልሱታል። አቧራው እንዳይነሣ ጎማው ላይ ውሃ መንጠባጠብ ነበረበት። ነጋዴው ግን «ወለሌን ታበሰብሱብኛላችሁ» እያለ ቧንቧውን ይዘጋዋል። እህቴ ይከፍቱታል፣ እሱ ይዘጋዋል። እኝህ ነጋዴ ዛሬ እዚህ በመገኘታቸው እናመሰግናለን። ወለላቸው እስካሁን ደህና ነው ይባላል።

በ1988 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሳቂታውና ሁለት ጓደኞቻቸው የሚቆፍሩበት ዋሻ ተደረመሰ። እህቴ ወሬው የደረሳቸው ጎማው ላይ እንዳሉ ነው። ሰሙ ጣታቸው ላይ እንደ ደረቀ ገደሉን ወጡ። ሲደርሱ የቆፋሪዎች ማኅበር አባላት ዋሻው አፍ ላይ ተሰብስበዋል። ጣሪያው አሁንም ይፈርሳል፤ ከውስጥ ድምፅ የለም። ሊቀመንበሩ፣ ማለትም የሳቂታው ታላቅ ወንድም፣ ሰው እንዳይገባ ከለከሉ። ሌላ ሰው እንዳያልቅ ብለው ነውና በዚህስ አልከሳቸውም። እህቴ ግን መሬቱን በእጃቸው ይጭሩ ነበር። እኔ ነኝ ከወገባቸው ይዤ የጎተትኳቸው። ሦስቱም ሰዎች እዚያው ቀሩ፤ ሬሳም አልወጣ።

የምከሰው የሚቀጥለውን ነው። ገና ከል ሳይወልቅ፣ ለቅሶ ደራሽ ከቤት ሳይጠፋ፣ ማኅበሩ ከተደረመሰው ዋሻ ጥቂት ራቅ ብሎ አዲስ አፍ ከፈተ። ሳቂታው የሞቱበት ያው የኦፓል መስመር ወደዚያ ይሄዳል ተብሎ ነው። እህቴ የመሮውን ድምፅ ከቤታቸው ሰሙት። ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ የባላቸውን ታላቅ ወንድም «እርስዎ» ነበር የሚሏቸው።

«እዚህ ውስጥ ወንድምህ አለ» አሏቸው።

ሊቀመንበሩ መለሱ፤ «ወንድሜ በነፍሱ ሰማይ ነው ያለው። እዚህ ያለው ድንጋይ ነው። ሰው ደግሞ መብላት አለበት።»

«እንግዲያው ድንጋዩን እኔ እዘጋዋለሁ። ብላ ያለህ መጥቶ ይክፈተው።»

ከዚህ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» የሚለው ቃል ለሊቀመንበሩ ከእህቴ አፍ አልወጣም። «ደፋኟ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደግሞ እዚያ ቆመው ይስቁ የነበሩት ቆፋሪዎች ናቸው። ለስድብ ያወጡት ስም ነው፤ እህቴ ግን ወደዱት። በር ሲያንኳኩ «ማነው?» ሲባሉ «ደፋኟ ነኝ» ይሉ ነበር።

ሥራውን ብቻቸውን ጀመሩት። ቆፋሪዎቹ ወደ ቁልቁለቱ የጣሉትን አፈርና ስብርባሪ እየዛቁ አዲሱን ዋሻ ይሞሉታል። ቆፋሪዎቹ በማግስቱ ይጠርጉታል፤ እሳቸው እንደገና ይሞሉታል። ሲመርራቸው ዋሻው አፍ ላይ ተቀመጡ። «ተነሺ» ቢባሉ «አልነሳም፤ መቆፈር ከፈለጋችሁ በእኔ ላይ ቆፍሩ» አሉ። ሰው ገድሎ ድንጋይ የሚያወጣ አልተገኘም፤ የሚሰድብና የሚወረውር ግን ሞልቶ ነበር። ጣሪያቸው ላይ ድንጋይ ዘነበ። ነጋዴውም «ድንጋይ የጠላች ሴት ድንጋዬን አትነካም» ብሎ ከሥራ አባረራቸው። ከዚያ በኋላ የእናታችንን ምድጃ ይዘው ዳቦ ጋገሩ። በዚያች ከተማ ዳቦ የሚገዛቸው ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ለማያውቋቸው መንገደኞች መኪና ማቆሚያው ላይ ሸጡ። ከገዢዎቻቸው መካከል የነበርን እንዳለን ሁሉ፣ ዳቦውን በአደባባይ መሬት ላይ የጣሉም እዚህ ተገኝተዋል። እንኳን ደህና መጣችሁ።

እህቴ ሁልጊዜ ልክ ነበሩ አልልም፤ እሳቸውም አይሉም። ማኅበሩ ታክቶት ሲተወው አዲሱን አፍ ደፍነው ከጨረሱ በኋላ በላይኛው ተዳፋት ያሉትን የተተዉ ጉድጓዶች መሙላት ቀጠሉ። የሚሞሉት ግን እንዲሁ ልቅ አፈር እያፈሰሱ ነበር። በሁለተኛው ክረምት አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከበደና ተናደ። ጭቃው ወርዶ የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊዋን የኋላ ግድግዳ ጥሶ ገባ። ሰው አልሞተም። የስፌት መኪናዋ ግን ከነጠረጴዛው ተቀበረ፤ ለሰው ልትሰጥ ሰፍታ የሰቀለችው ልብስ ሁሉ ጠፋ።

ልብስ ሰፊዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና በራቸው ላይ ቆመች። «ባልሽን ተራራው ገደለው። እኔን ደግሞ አንቺ ልትገድይኝ ነው?»

እህቴ አካፋቸውን አነሱና ተከተሏት። ያን በጋ ተራራው ላይ አልወጡም። የሴትየዋን ግድግዳ ከአባታችን ባዩት ጥበብ ድንጋይ በድንጋይ ሠርተው አቆሙት። ልብስ ሰፊዋ ቆማ እያየች አንድ ቀን ውሃ እንኳ አላቀበለቻቸውም፤ እስካሁንም ይቅር አላለቻቸውም። ዛሬ የመጣችው ለእኔ ብላ ነው፤ ይህንንም እዚሁ እንዳነበው ፈቅዳለች። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ለእህቴ ቅሬታዋን ፊት ለፊት የተናገረች እሷ ብቻ ስለሆነች አከብራታለሁ።

ወደ ተራራው ሲመለሱ አሠራራቸውን ከሥሩ ለውጠው ነበር። መጀመሪያ ከታች የደረቅ ድንጋይ ግንብ ያቆማሉ። ከኋላው ውሃው የሚወርድበትን ቦይ በጠጠር ይዘረጋሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጉድጓዱን የሚሞሉት፤ የጣሉትንም አፈር በእግራቸው እየረገጡ ያጠነክሩታል። ከላይ የሚሆነውን ለም አፈር ከወንዙ ዳር በጆንያ ተሸክመው ያወጡታል። ሣር ይተክላሉ፤ ሣሩ አፈሩን ሲይዝ ዛፍ ይከተላል። አንድ እርከን ሲያልቅ ከላዩ ሌላ ይጀምራሉ። ችግኞቹ በየጊዜው ይነቀሉ ነበር። ማን እንደነቀላቸው ከተማው ያውቃል፤ የነቀሉትም ያውቃሉ። እህቴ «የነቀለ እጅ ይድከም እንጂ እኔስ መትከል ለምጃለሁ» እያሉ ይተኩታል።

ዓመታት አለፉና ገደሉ መልኩን ለወጠ። ያኔ ከመሬት ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ መጣና የቆፈረ ሁሉ የቆፈረውን ቦታ መልሶ ማልማት እንዳለበት ሕጉ እንደሚያዝ ለማኅበሩ ነገረው። ማኅበሩም አልተቸገረም። ባለሙያውን ይዞ ወጣና የእህቴን እርከኖች አሳየ። ብዙም ሳይቆይ ግርጌው ላይ ትልቅ የብረት ሰሌዳ ተተከለ፤ «በቆፋሪዎች ማኅበር የለማ ተዳፋት» ይላል። እንግዶች እየመጡ ከሊቀመንበሩ ጋር ፎቶ ተነሡበት። እህቴ ሰሌዳውን ነቅለው የዶሮ ቤታቸው መዝጊያ አደረጉት። ማኅበሩ ፖሊስ ይዞ ሲመጣ «ንብረቱ አልጠፋም፣ እየሠራ ነው» አሉ። ፖሊሱ መዝጊያውን ከውጭ አይቶ «ጽሑፉ የት ገባ?» ቢላቸው «ወደ ውስጥ ነው፤ ዶሮዎቹ ያንብቡት» አሉት። ፖሊሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ሄደ። መዝጊያውም እዚያው ነው።

አሁን ስለ ልጃቸው እናገራለሁ። ልጃቸው አባቱ ሲሞት አሥር ዓመቱ ነበር። አድጎ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ ጥሩ ሠራተኛ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ግን ሥራውን ትቶ በአጎቱ በሊቀመንበሩ ጋባዥነት ማኅበሩ ውስጥ ገባና በተራራው ሌላ ጎን የራሱን ዋሻ ከፈተ። እህቴ የሰሙት ከሰው ነው። አካፋ አልያዙም። ባዶ እጃቸውን ሄደው ዋሻው ውስጥ ገቡና መሐል ላይ ተቀመጡ።

«ውጪ እማዬ፣ ሰው እየሳቀብኝ ነው» አላቸው።

«ይሳቁ። አባትህ ሲሞት ያለቀሱትም እነዚሁ ናቸው። ለቅሷቸው ከመቆፈር አልመለሳቸውም፤ ሳቃቸው ምን ሊያደርግህ ነው?»

«አባዬን አንቺ ብቻ አይደለሽም ያጣሽው!»

«እንግዲያው ለምን አንተም ትጠፋለህ?»

ልጁ እናቱን እንደ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ አወጣቸውና አፈር ቁልሉ ላይ አስቀመጣቸው። ቆፋሪዎቹ አጨበጨቡ። እህቴ ቀሚሳቸውን አራግፈው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ከልጃቸው ጋር ከአሥር ዓመት በላይ በወጉ አልተነጋገሩም። ሰርጉ ላይ አልተገኙም። የልጅ ልጃቸው ተወልዳ ሊያሳያቸው ሲመጣ አጥሩ በር ላይ ቆመው «ልጅቷ ትግባ፤ አንተ እዚያው» አሉ። እሷን ሲያጫውቱ እሱ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ለዓመታት እንዲህ ቀጠለ። ክፉ ነበሩ የምትሉ አላችሁ። እኔም ብያቸዋለሁ፤ «እቴዬ፣ የወለድሽው እኮ ነው» ብላቸው «ስለወለድኩት ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

በ2014 ዓ.ም. ሳላቸው ጠና። እኔ ብርድ ነው ስላቸው፣ እሳቸው እርጅና ነው ሲሉ ቆየንና በዋናው ከተማ ሆስፒታል ተመረመሩ። ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ ሳንባቸው በድንጋይ አቧራ መጠጠሩን አሳየቻቸው። ያ የሞረድ ክፍል፣ ያ የተዘጋ ቧንቧ ነው። እህቴ ፎቶውን ትክ ብለው አይተው «እኔ ተራራውን ስደፍን እሱ እኔን ሲደፍን ኖሯል» አሉ። ሐኪሟ አልገባትም። እህቴ ቤታቸው ተመለሱ። እስከቻሉ ድረስ እርከኖቹን ወጡ። ሳይችሉ ሲቀሩ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩን አጠገባቸው አድርገው ተራራውን ይቆጣጠሩ ጀመር። ማን እንደወጣ፣ ማን ከብት እንደለቀቀ ይጮኹብኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ልጃቸው መጣ። እኔ ገብቼ ነገርኳቸው።

«ዋሻው ክፍት ነው?» አሉኝ።

«ክፍት ነው።»

«በሩን ዝጊው።»

ልጁ ውጭ ቆሞ ሰምቷል። ዞሮ ሄደ። እኔም ያን ቀን እህቴን ክፉኛ ተናገርኳቸው፤ እሳቸውም በቻሉት ትንፋሽ ሁሉ መለሱልኝ።

ያኔ ያላወቅነው ነገር ልጁ ከዚያ ቀጥታ ወደ ዋሻው መውጣቱን ነው። መሮውንና መዶሻውን አውጥቶ መሙላት ጀመረ። ሊቀመንበሩ መጥተው «ይህ የማኅበሩ ነው፣ አንተ ማን ነህና ትዘጋዋለህ?» አሉት። «የእሷ ልጅ ነኝ» አላቸው። ከማኅበሩ አስወጡት። የሚያግዘው ሰው ሁሉ እንደሚባረር አስጠነቀቁ፤ ማንም አላገዘውም። በጋውን ሙሉ ብቻውን ሠራ። ሚያዝያ ላይ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ከስቶ እንደገና በራችን ላይ ቆሞ «ደፍኜዋለሁ» አለ።

እህቴ አላመኑም። «አንቺ ሂጂና እይው» አሉኝ። በእኔ ጉልበት! ለአንድ እርከን እረፍት ለአንድ እርከን እርግማን እያደረግሁ ወጣሁ፤ አየሁ፤ ወረድኩ። ላቤን ሳልጠርግ «ተደፍኗል» አልኳቸው፤ «ግንቡ ግን ጠማማ ነው።»

ሳቁ። ሳሉ ሳቃቸውን እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቁ። «አባቱም መስመር አያውቅም ነበር» አሉ። ሳቂታውን ከሞቱ በኋላ በሳቅ ሲያነሷቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያም «ግባ በይው» አሉኝ።

ገባ። በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ። ደጅ ተቀምጬ ለቅሶ ስጠብቅ የሰማሁት ጭቅጭቅ ነው። «ከታች ትልልቁን ድንጋይ ለምን አላስቀመጥክም?» «አስቀምጫለሁ እማዬ!» «አላስቀመጥክም፣ አይታዋለች!» «እሷ ምን ታውቃለች!» ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እህቴ ትንፋሽ ያልነበራቸው ሴት ናቸው፤ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። የልጅ ልጃቸው ደንግጣ «ተጣሉ?» ብትለኝ «አይ፣ ታረቁ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ልጃቸው ከአጠገባቸው አልተለየም። በመጨረሻዎቹ ቀናት «ከባልሽ ጎን፣ ተራራው ላይ እንቅበርሽ?» ብለን ጠየቅናቸው። ዓይናቸውን ገልጠው «እዚያ ላይ? ጉድጓድ ልትቆፍሩ?» ብለው አፈጠጡብን። ዛሬ በዚህ ሜዳ የተገኘነው በዚህ ምክንያት ነው።

እህቴ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ። ትተው የሄዱት አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ ምራታቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ታናሽ እህታቸውን ነው። ተራራው ላይ ያሉትን እርከኖች ልጃቸው ይጠብቃቸዋል፤ ችግኝ መንቀል የለመዳችሁ ይህን ልብ በሉ፤ እሱ እንደ እናቱ ታጋሽ አይደለም።

ሊቀመንበሩ በማኅበሩ ስም ንግግር ለማድረግ ጠይቀዋል። አልተፈቀደም። ያመጡት የአበባ ጉንጉንም ወደ መጣበት መኪና ይመለስልን።

የተጨነቀ ትንፋሻቸውን የተቀበለ ፈጣሪ ነፍሳቸውንም በዕረፍት ይቀበላት። እዚያም አንድ የተናጋ ድንጋይ አግኝተው «ይሄ ይወድቃል» ቢሉ ታግሦ ይስማቸው። ተራራው ውስጥ ለቀሩት ለሳቂታውና ለሁለቱ ጓደኞቻቸው ምድር ትቅለላቸው። ለእኛ ለልጃቸውና ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጠን። ለቀራችሁት ደግሞ፣ እህቴ እንደሚሉት፣ ልብ ይስጣችሁ።